የቤተሰብን በር ዘግቶ ደላላን ማክሰር አይቻልም

የጀርመን ፓርላማ ሙሉ የስደተኝነት ዕውቅና ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ያለውን ጥበቃ ያገኙ ሰዎች የትዳር ጓደኞቻቸውንና ልጆቻቸውን ለሁለት ዓመት እንዳያመጡ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ሲወስን፣ ከውሳኔው ይልቅ ያናደደኝ የቀረበለት ምክንያት ነው። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ዶብሪንት እገዳው የሕገወጥ አዘዋዋሪዎችን ንግድ ይሰብራል ብለው ተከራከሩ። በኤምባሲ በኩል ቪዛ አግኝቶ በአውሮፕላን የሚመጣ ልጅ ለየትኛው ደላላ ነው የሚከፍለው? ደላላ የሚፈለገው ሕጋዊው በር ሲዘጋ መሆኑን ለማወቅ የመተማን መንገድ የሚያውቅ አንድ ወጣት መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ጀርመን ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ልታውቀው ይገባል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት፣ ያኔ በሃንጋሪ መንግሥት ሥር የነበሩት ስሎቫኮች ወደ አሜሪካ ሲጎርፉ ብዙዎቹ የተሳፈሩት ከብሬመንና ከሐምቡርግ ወደቦች ነው። አስቀድሞ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ይሄዳል፤ በፔንሲልቬንያ የከሰል ማዕድን ወይም የብረት ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ከአገሩ ልጆች ጋር ተደራርቦ እያደረ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ከዚያ የተከፈለበት የመርከብ ትኬት በፖስታ ለሚስቱና ለልጆቹ ይልካል። በዚያ ትኬት የጀርመን የመርከብ ኩባንያዎች ከበሩ። ኒውዮርክ ደጃፍ ኤሊስ ደሴት ላይ ሐኪሙ የልጁን የዐይን ቆብ በጫማ ቁልፍ መሳቢያ መንጠቆ ገልብጦ ትራኮማ ይፈልጋል፣ የተጠረጠረው ኮቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። ጭካኔ አላጣውም፤ ነገር ግን አባቱ ከወዲያ ማዶ ሥራ ይዞ መጠበቁ ልጁን የሚያስገባ እንጂ የሚያስጠረጥር ምክንያት አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላም እንዲሁ አባታቸውን ተከትለው ከሄዱት ልጆች አንዱ ማይክል ስትራንክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በዛሬዋ ስሎቫኪያ፣ ያራቢና በምትባል መንደር ሩሲን ከሚባለው የስላቭ ሕዝብ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ቀድሞ ፔንሲልቬንያ ገብቶ በብረት ፋብሪካ ሲሠራ ቆይቶ እናትና ልጅን በ1922 አስመጣቸው። በጊዜው ነው ያመጣቸው፤ ምክንያቱም በአሜሪካ የ1921 የስደተኞች ሕግ ያራቢና ለነበረችባት ቼኮስሎቫኪያ ከ14 ሺህ በላይ የነበረው ዓመታዊ ኮታ በ1924ቱ ሕግ ወደ 3,073 ወረደ፣ ከቤተሰብ አባላትም ከኮታው ውጪ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው የዜጎች ሚስቶችና ልጆች ሆኑ። አባትየው ዜግነት ያገኘው በ1935 ነው። ሁለት ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ማይክል ልጅነቱን ያራቢና ውስጥ ወረፋ ሲጠብቅ ሊጨርሰው ይችል ነበር። ይኸው ልጅ የካቲት 23 ቀን 1945 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በጃፓኗ ኢዎ ጂማ ደሴት ተራራ ላይ የአሜሪካን ባንዲራ ካቆሙት ስድስት ወታደሮች አንዱ ሆነ፤ ከስድስት ቀን በኋላ እዚያው ደሴት ላይ በ25 ዓመቱ ሞተ።

የስደተኛ ልጅ ሁሉ ጀግና ይወጣዋል ማለቴ አይደለም፤ እንዲወጣውም አይጠበቅበትም። ለእኔ ከባንዲራው ይልቅ የሚበልጠው አባትየው ነው። ሚስቱና ልጁ አብረውት ያሉ ሠራተኛ ቤት ይከራያል፣ ቋንቋ ይማራል፣ የሰፈሩ ሰው ይሆናል፤ ቤተሰቡ ባሕር ማዶ የቀረበት ግን ልቡ ሁልጊዜ ስልኩ ላይ ነው። ስለ «ውሕደት» ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰብኩት ፖለቲከኞች ውሕደት የሚጀመርበትን ቤት ራሳቸው አፈረሱት።

የጀርመን ከተሞች የመኖሪያ ቤት እጥረት አለባቸው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በዚህ መስመር ከ2018 ጀምሮ ይፈቀድ የነበረው በወር 1,000 ሰው ብቻ ነው። ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር በእነዚህ ተጨናነቀች የሚለን ሰው ወይ ቁጥር አይችልም፣ ወይ እኛን አይችሉም ብሎ ንቆናል።

ለከባድ ችግር ልዩ ሁኔታ ተትቷል ይሉናል። ፍራንክፈርት ያለች አንዲት ኤርትራዊት እናት፣ አዲስ አበባ የቀረው ልጇ እንደ እሱ ከተለዩት ልጆች ሁሉ ይበልጥ መቸገሩን በሰነድ ታስረዳ ማለት ነው። ካልተሳካላት እስከ ሐምሌ 2027 ትጠብቃለች፤ ሕጉ ሲወጣ 16 ዓመት የነበረው ልጅ ያን ጊዜ 18 ሞልቶታል፣ ሕጉም ልጅ ላይለው ይችላል።