አፖሎ የአንድ ሀብታም ንብረት አይደለም

«በኒውዮርክ ከተማ ሃርለም ሰፈር ያለው አፖሎ ቴአትር የግል ንግድ ነው፤ መዋጮው የባለቤቱ ኪስ ይገባል» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው። በአክብሮት ላርም።

ወሬው መነሻ አለው። ቴአትሩ ለአሥርተ ዓመታት በግለሰቦች እጅ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. ጠበቃና ፖለቲከኛው ፐርሲ ሳተን የሚመራው የባለሀብቶች ቡድን ገዛው። በ1991 ግን የኒውዮርክ ግዛት መንግሥት ሕንፃውን ገዛ፤ ማስተዳደሩም ለትርፍ ላልቆመ ፋውንዴሽን ተሰጠ። ቲኬት ይሸጣል፣ አዎ። ግን ትርፍ የሚከፋፈል ባለአክሲዮን የለም። ገቢው ለጥቁር አሜሪካውያን ኪነ ጥበብ፣ ለአዳዲስ ሥራዎችና ለተማሪዎች ትምህርት ይውላል። ዝነኛዋ የጃዝ ዘፋኝ ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1934 ልትደንስ መጥታ ዘፍና ያሸነፈችበት የጀማሪዎች ውድድር «አማተር ናይት» አሁንም አለ። ተወዳዳሪዎቹ ዛሬም ለዕድል ብለው «የተስፋ ዛፍ» የሚባለውን ጉቶ ዳሰስ አድርገው ነው ዝግጅታቸውን የሚያቀርቡት። ደስ ይላል!

ማጣራት ቀላል ነው። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ድረ ገጽ ላይ ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች መፈለጊያ አለ። እዚያ የፋውንዴሽኑን ዓመታዊ ሪፖርት፣ «ፎርም 990»ን፣ ክፈቱ፤ ገቢና ወጪው፣ የኃላፊዎቹ ደመወዝ ሳይቀር ተዘርዝሯል።

ወሬውን አምኖ እጁን የሰበሰበ ሰው የሚጎዳው ሀብታም ሳይሆን መድረኩን ነው። አሜሪካ ሆናችሁ የሰጣችሁ ደግሞ ደረሰኙን አትጣሉ፤ እንደ ሁኔታችሁ ከግብር ሊቀነስላችሁ ይችላል።