የፊል ኒብሎክ ሙዚቃ ድምፁ ዝቅ ሲል ይጠፋል

ሚኒማሊስት ሙዚቃ፣ ማለትም በጥቂት ድምፆች ብቻ የሚሠራ ሙዚቃ፣ ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩት የሙዚቃ ደራሲዎቹ ስቲቭ ራይክና ፊሊፕ ግላስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በ90 ዓመቱ ያረፈውን አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ፊል ኒብሎክን ግን ከጠባብ የአድማጮች ክበብ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሥራውን ከሞከሩትም ብዙዎቹ «ምንም አይለወጥም» ብለው ይተዉታል። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም፤ ጉድለቱ ያለው አደማመጡ ላይ ነው።

ኒብሎክ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባም። አንድ የቼሎ ወይም የትሮምቦን ተጫዋች ጥቂት ድምፆችን አስረዝሞ እንዲጫወት ያደርግ፣ የትንፋሹን ክፍተት ቆርጦ ያወጣ፣ የቀረውን በብዙ ትራክ (ለየብቻ የተቀዳ የድምፅ ንብብር) ይደራርብ ነበር። ዜማ የለም፤ ምትም የለም። ቁም ነገሩ ትራኮቹ በቅኝት ለጥቂት መለያየታቸው ላይ ነው። አንዱ 440 ሄርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት)፣ ሌላው 443 ቢሆን፣ ድምፁ በሰከንድ 3 ጊዜ ሲያይልና ሲደክም ይሰማል። ልዩነቱ ወደ 20 ሲጠጋ መለዋወጡ መቆጠሩ ይቀርና ድምፁ ይሻክራል። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ሲበዙ ማንም ያልተጫወታቸው ቀጫጭን ድምፆች ከላይ ብቅ ይላሉ። ይህን ያህል ሀብት ከአንድ መሣሪያ ማውጣት ትልቅ ችሎታ ነው።

ቀሪውን ሥራ የሚሠራው ሙዚቃው የሚደመጥበት ክፍል ነው። የ440 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 78 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከግድግዳ ተመልሶ ከራሱ ጋር ሲገናኝ ድምፁ የሚጎላበትና የሚሳሳበት ቦታ ይፈጠራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 20 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ራስን ዘንበል ማድረግ ይበቃል። ለ110 ሄርዝ ግን አንድ እርምጃ መሄድ ያስፈልጋል። የጆሮ ማዳመጫ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የስልክ ስፒከር ደግሞ የቼሎውን ወፍራም ድምፆች አሳስቶ ነው የሚያወጣቸው። ከባድ መጋረጃና ምንጣፍም ነጸብራቁን ይውጡታል።

ኒብሎክ ሥራዎቹን በጣም አጉልቶ ያሰማ የነበረው ቀጫጭኖቹ ድምፆች ያለዚያ ስለማይወጡ ነው። ቤት ውስጥ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። በዚህ መጠን ለጆሮ የሚመከረው ጣሪያ በቀን 8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ በግማሽ ስለሚቀንስ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሥራዎቹ ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ስለሚሄዱ ልኩን ማወቅ ግድ ነው።

ለመጀመር የ1993ቱን «ፋይቭ ሞር ስትሪንግ ኳርቴትስ» እመርጣለሁ፤ አንድ የአውታር ኳርቴት (አራት የባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾች ያሉት ቡድን) 5 ጊዜ ተቀድቶ ተደራርቦበታል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የቆሙ ይመስላሉ። እዚያ ላይ ማቋረጥ ነው የተለመደው ስሕተት።

ሥራውን የሚያቀርቡ አዳራሾችም ስፒከሮቹን በዙሪያው ያቁሙ፣ ወንበሩን ያንሡ፣ ሰው እየተዘዋወረ ይስማ።