ቁጥሩ ሌላ፣ ደጋኑ ሌላ

ይህን ብሶት ዛሬ ሳልጽፈው ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም። ቤቱ ውስጥ የራሱን ደጋን የሚጠግንና የሚቃኝ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ወዲያው ይገባዋል፤ ሌሎቻችሁም ብትሆኑ ታገሡኝ፤ ጠቤ ከቀስት ስፖርቱ ጋር ሳይሆን፣ አምራችና ሻጭ በዕቃው ላይ ከሚጽፏቸውና አንዳቸውም የሚመስሉትን ካልሆኑት ቁጥሮች ጋር ነውና።

ከክንፎቹ፣ ማለትም ከእጀታው በላይና በታች ከሚገጠሙት ተጣጣፊ ክፍሎች ልጀምር። እየተፈታ በሚገጣጠመው፣ በኦሊምፒክ በምናየው ዓይነት ደጋን ክንፍ ላይ «68 ኢንች፣ 30 ፓውንድ» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ያነበበ ጤነኛ ሰው አውታሩን ስቦ አገጩ ሥር ሲያደርስ ጣቶቹ 30 ፓውንድ የሚሸከሙ ይመስለዋል። የለም! 30 የሚሆነው ክንፉ በ25 ኢንች እጀታ ላይ ተገጥሞ፣ አውታሩም 28 ኢንች ሲሳብ ነው። 28ቱ ራሱ 28 አይደለም፤ ከእጀታው ጎድጓዳ ክፍል እስከ አውታሩ 26 ኢንች ከሩብ ይለካና 1 ኢንች ከሦስት ሩብ በስምምነት ይደመርበታል። እንደ እኔ ክንዱ አጠር ያለ ሰው በየኢንቹ 2 ፓውንድ ገደማ ይጎድልበታል፤ ያንኑ ክንፍ በ23 ኢንች እጀታ ላይ የገጠመ ደግሞ በተቃራኒው ይከብደዋል። በዚህ ላይ ክንፉን የሚይዘው ቡሎን በአለንኪ ሲጠብቅ ክብደቱ ይጨምራል፣ ሲላላ ይቀንሳል። እኔ እውነተኛውን ክብደት ያወቅሁት ከማሸጊያው ሳይሆን፣ ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣችን ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ ከምንመዝንባት የእጅ ሚዛን ነው፤ መንጠቆዋን አውታሩ ላይ አስገብቼ፣ ፍላጻ በምስብበት ልክ ሳብኩ። እግዜር ይስጣት፣ እሷ ብቻ እውነቱን ተናገረች።

ክፉኛ ያንገበገበኝ ግን አውታሩ ነው። ለ68 ኢንች ደጋን የሚሆን አውታር ራሱ 68 ኢንች አይደለም፤ ከ3 እስከ 4 ኢንች ያጥራል፤ ካላጠረማ ደጋኑ እንዴት ይወጠራል? አንዱ ሻጭ በማሸጊያው ላይ የደጋኑን ርዝመት ይጽፋል፣ ሌላው የአውታሩን፣ ሦስተኛው የትኛውን እንደጻፈ አይናገርም። የእኔ ከሦስተኛው የመጣ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ደጋን በእጀታው ጎድጓዳና በአውታሩ መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ኢንች ተኩል እስከ 9 ኢንች አካባቢ መሆን ሲገባው፣ ቲ ቅርጽ ባለው ማስመሪያ ስለካው ከ8 በታች ሆኖ አገኘሁት። መድኃኒቱ አውታሩን አውልቆ አንዱን ጫፍ እያዞሩ ማክረር ነው፤ በከረረ ቁጥር ያጥራል። ስለዚህ ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጬ ጥቂት አከርራለሁ፣ የመወጠሪያውን ገመድ በእግሬ ረግጬ ደጋኑን እወጥራለሁ፣ እለካለሁ፣ እንደገና አወልቃለሁ፤ በመጨረሻ አውታሩ ከደጋኑ በወረደ ቁጥር በራሱ ላይ እየተጠቀለለ ቋጠሮ ይሠራ ጀመር። ይህም ሁሉ ተደርጎ አዲስ አውታር እየተሳበ እየተለቀቀ መርዘሙ ስለማይቀር፣ ዛሬ የተገኘው ልክ በሳምንቱ አይገኝም። (ሰም መቀባቱን ለብቻው ብትጠይቁኝ እወደዋለሁ፤ ክሩን በጣት እስኪሞቅ ማሸት የሚያሳርፍ ሥራ ነው።) ሻጩን ስጠይቀው «ሁሉም ነገር ማሸጊያው ላይ ተጽፏል» ብሎ መለሰልኝ።

ፍላጻውም ከዚህ አይሻልም። በካርቦን ፍላጻ ላይ 500 ወይም 600 ተብሎ ሲጻፍ ትልቁ ቁጥር ጠንካራው ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ፍላጻው 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ መሃሉ ላይ 1.94 ፓውንድ ሲንጠለጠልበት ስንት ሺህኛ ኢንች እንደጎበጠ ስለሆነ፣ 600 ከ500 ይልቅ ይለምጣል። የአሉሚኒየሙ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው፤ 1816 ማለት የዘንጉ ውፍረት 18/64 ኢንች፣ የግድግዳው ደግሞ 16 ሺህኛ ኢንች ማለት ነው። ይህን ሁሉ አጥንቶ የገዛ ሰው እንኳ አያርፍም፤ ዘንጉ ተቆርጦ ሲያጥር ይጠነክራል፣ ጫፉ ላይ ከባድ ብረት ሲገባበት ይለምጣል፤ የተጻፈው ቁጥር ግን እዚያው ነው።

የመጨረሻው ዳኛ ላባ የሌለው ፍላጻ ነው። ላባ ካላቸው ጋር ሲተኮስ፣ በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው ወደ ግራ ካረፈ ፍላጻው ጠንክሯል፣ ወደ ቀኝ ካረፈ ለምጧል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ በአውታሩ ላይ የሚሰካበት ነጥብ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ይህን ዳኛ አፓርትመንት ውስጥ ላቆመው አልችልም። ስለዚህ ማታ ሳሎን ውስጥ ቡሎኑን ግማሽ ዙር ባዞርኩ ቁጥር ውጤቱን ለማየት እስከ ቅዳሜ ጠብቄ ወደ መተኮሻው ሜዳ መንዳት አለብኝ፤ እዚያ ስደርስ አውታሩ ረዝሞ፣ ርቀቱ ወርዶ፣ የለካሁት ሁሉ ፈርሶ ይጠብቀኛል፤ ክራር ቃኝቶ የሚያውቅ፣ አንዱን ክር ሲያከርሩ ሌላው መላላቱን ያውቃል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ፓውንዱ በየትኛው እጀታና በስንት ኢንች ሲሳብ እንደተለካ፣ የአውታሩም እውነተኛ ርዝመት ማሸጊያው ላይ ይጻፍ። እስከዚያው ከዚህ ሻጭ ሁለተኛ አልገዛም፤ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የአውታር መሥሪያ ጂግ (ክሩን ወጥሮ የሚይዝ መሣሪያ) ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ክሩን እኔ እገዛለሁ።