የወሎን ጓሮ ያላየ ሰው ስለ ወሎ ረሃብ አይንገረኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ የኢኮኖሚ ባለሙያ በሬዲዮ የተናገሩት ነገር እስካሁን ከአንጀቴ አልወጣም። ውይይቱ ስለ ኑሮ ውድነት ነበር። አንድ ወጣት ስልክ ደወለ። «ደሞዜ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ሚስቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ወሎ፣ እናቴ ዘንድ ልገባ ነው። እያረስን፣ ዶሮና ፍየል እያረባን፣ የምንበላውን ራሳችን እናመርታለን» አለ። ባለሙያው ሳቁበት። «ወንድሜ፣ ወሎን በረሃብ የጨረሰው እኮ ይኸው ራሴን ልቻል የሚለው አስተራረስ ነው። ገበሬ ለገበያ ካላመረተ ዕጣው ልመና ነው» አሉት። አዘጋጇም አብራ ሳቀች። ልጁ መልስ ሳይሰጥ መስመሩ ተቋረጠ።

የዚያ ልጅ ህልም የኔም ህልም ነው። ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ተወልጄ አሥራ ሰባት ዓመት አዲስ አበባ ቢሮ ሠርቻለሁ። ከሐይቅ ከተማ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ አባቴ ያረሰው አራት ጥማድ መሬት አለ። ዛሬ ታላቅ ወንድሜ ያርሰዋል። እኔና ባለቤቴ ልጆቹን ይዘን እዚያ ለመግባት ሦስት ዓመት ሙሉ ስናስብ፣ ስንቆጥብ ኖረናል። ስለዚህ ያ ሳቅ እኔም ቤት ገብቷል።

እስኪ ረሃቡን እናንሳው። የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

በ1965 እና በ1966 ወሎ ውስጥ ያለቀው ሰው ራሱን የቻለ ገበሬ ነበር ወይ? ከመካከሉ ጭሰኛው ጥቂት አልነበረም። ካመረተው ሲሶውን፣ አንዳንዱም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰፍራል። ከቀረው ላይ ግብር አለ፣ ዕዳ አለ። ጎተራው ክረምት ሳይደርስ ይራቆታል። በልግ ሲቀርበት በሬውን ይሸጣል። ጎረቤቱም በዚያው ቀን በሬውን ይዞ ይወጣል፤ በሬ ይረክሳል። የሚበላው የለው፣ የሚያርስበት የለው። ይህን ሰው ነው ራሱን የቻለ የሚሉት?

አማርትያ ሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ፣ ይህንኑ የወሎ ረሃብ አጥንተውታል። ባለሙያችን ሳያነቡት አይቀሩም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እንዲያውም ሰው እያለቀ፣ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። ገበያው ነበረ። መንገዱም ነበረ፤ ረሃብተኛው መኪና እያስቆመ የለመነው እዚያው አስፋልት ዳር ቆሞ ነው። ገበሬው እጅ ላይ ብር አልነበረም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ገበያ ብር ወዳለበት ይሄዳል። ከተራበው ደጅ እህል አንስቶ ለጠገበው ያደርሳል። ያኔ ወሎን የከዳው ገበያ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ጥፋቱ በጓሮ ላይ ተለጠፈ።

በ1977ም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። «መሬት ለአራሹ» የታወጀው የካቲት 1967 ነው። ደርግ መሬቱን ሰጠና ጎተራውን ያዘ። ኮታ መጣ። መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህልህን አስረክብ ተባለ። በዚያ ላይ ጦርነት፣ በዚያ ላይ ድርቅ። ዝናብማ ቀርቷል፣ ማን ይክዳል? ግን አንድ ክፉ ዓመት ቤተሰብ የሚጨርሰው ያለፈው ደግ ዓመት እህል ከቤት ተጠርጎ ከወጣ ነው።

አባቴ ማሽላውን የሚያስቀምጠው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ግቢያችን ጥግ፣ ውኃ የማይደርስበት ደረቅ ቦታ ላይ ተቆፍሯል። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ነው። ግድግዳው በጭድ ይለበሳል። ከሞላ በኋላ አፉ በድንጋይ ይከደናል፣ በጭቃ ይመረጋል፣ አፈር ይመለስበታል። የሚከፈት ቀን እኛ ልጆች መጠጋት አይፈቀድልንም። አባቴ ክዳኑን አንስቶ ግማሽ ቀን ያናፍሰዋል። ከዚያ ኩራዝ በገመድ ያወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ «ገና ነው» ይላል፤ ውስጡ የታመቀው አየር ሰው ይገድላልና። ካልጠፋ ታላቅ ወንድሜ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ይወርዳል። የሚወጣው ማሽላ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው። ቂጣው ላይ እንኳ አይለቅም። ዛሬ አፍንጫዬ ስር ያለ ይመስለኛል።

ያ ጉድጓድ ሳይከፈት በከረመ ዓመት አባቴ ማንም ፊት ቀና ብሎ ይናገር ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ሲሸጥ እሱ አይሸጥም። ሐምሌ ላይ ሁሉም ሲገዛ እሱ አይገዛም። እኔ ራስን መቻል የምለው ይህንን ነው። ጨውና ሳሙና በራሱ የሚሠራ ሰው አልፈልግም። ወሎዬ ከጥንት ጀምሮ ባቲ የሰኞ ገበያ ወርዶ ፍየል ሸጧል፣ ጨርቅ ገዝቷል። ገበያን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ግን ተርፎት የሚሸጥና ጨንቆት የሚሸጥ ሰው አንድ አይደሉም። ነጋዴ ፊትህን አይቶ ነው ዋጋ የሚቆርጥልህ።

ሩቅ ሳንሄድ 2014ን እናስታውስ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ባንክ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ። የደሴ ዘመዶቻችን አሥራ አንድ ሆነው ወንድሜ ቤት ገቡ። ጦርነቱ ገጠሩንም አልማረም፤ ግን ገጠር የሚቀመስ አለ። ከመጡት አንዱ ባለሱቅ ነው፤ አንዷ ባንክ ትሠራለች። ሂሳባቸው ላይ ብር ነበራቸው። ከአንድ ወር በላይ የበሉት ግን የማሽላ ቂጣ፣ የጓሮ ጎመንና አሬራ ነው። ቡናውም ከቤቱ ጀርባ የተለቀመ ነበር። የቅሬው፣ ማለትም የዕድሩ፣ ሰው በየተራ አንድ አንድ ቁና እህል ይዞ መጣ። ያ ሁሉ ሰው በልቶ ያደረው ያ «የድሮ አስተራረስ» ባመረተው ነው። ለዚህ ኑሮ መሳቅ ነውር ነው።

ባለሙያው «ለገበያ ካላመረተ» ብለዋል። ወደ ቃሉና ወረባቦ ወረዳዎች ይውረዱና የጫቱን ማሳ ይዩ። ጫት ብር አለው፣ አልክድም። ግን የመስኖ ውኃ የሚጠጣውን ምርጥ መሬት ጫት ይዞታል፤ ቤተሰቡ ጤፍ ከመኪና ላይ ይገዛል። መንገድ የተዘጋ ቀን ቅጠሉ ግንዱ ላይ ያረጃል። ለልጅ እራት አይሆን! የኩታ ገጠሙ ስንዴም ቢሆን ዩሪያ የሚሉት ማዳበሪያ ካልመጣ አቅሙ ታይቷል። በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ገበሬ ሰልፍ ሲወጣ፣ ወንድሜ በረቱን ጠርጎ ፍጉን በተነ። ምርቱ ከወትሮው አነሰ። ግን ማንም ደጅ አልጠናም።

መሬት መጥበቡ እውነት ነው። አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ለወንድምና ለእህት ይሸነሸናል። በልጉም ከዓመት ዓመት አይታመንም። ይህን ከኔ ይልቅ ወንድሜ ያውቀዋል። ታዲያ መልሱ መሬቱን ጥሎ መሸሽ ነው? ሚያዝያ ላይ የሚዘራው ረጅሙ ማሽላ ዝናብ ካጓደለበት፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ሐምሌ ላይ ይዘራል። ማሽላን ከሥሩ የሚመጠው አቀንጭራ እንኳ መላ ተገኝቶለታል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ «አብሽር» ይባላል። ወሎዬ «አብሽር» ካለህ አይዞህ ማለቱ ነው። የሲሪንቃ ምርምር ማዕከልም እዚያው ሀብሩ ውስጥ ተቀምጦ በደረቅ መሬት ሰብል ላይ ይሠራል። ባለሙያው ለዚያ ልጅ ይህን ቢነግሩት ምን ነበረበት? የትኛውን ዘር ዝራ፣ ስንት ፍየል ትበቃሃለች፣ የጣሪያህን ውኃ እንዴት ታጠራቅማለህ ብለው አንድ ነገር ቢያቀብሉት ምን ይጎድልባቸው ነበር? ከተማው ለልጁ ቤት አልሰጠውም። ገጠሩን ደግሞ በሳቅ ዘጉበት።

ክሊኒክና ትምህርት ቤት ይርቃል ለሚሉኝ፣ አዎ ይርቃል። ወደ ትምህርት ቤቱ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። እኔም ተመላልሼበታለሁ።

እሁድ ዕለት ወንድሜ ደወለ። ለጣሪያ ውኃ የሚቆፈረው ጉድጓድ ቋጥኝ ላይ ደርሶ ቆሟል። «አብሽር፣ ዞር አድርገን እንቆፍረዋለን» አለኝ። ከተከልናቸው ሃያ የጌሾ ችግኞች አሥራ አራቱ ጸድቀዋል። አራቱ ደርቀዋል፣ ሁለቱን ፍየሏ በልታቸዋለች። አጥሩን ሳይጨርስ ሌላ እንዳይተክል ነገርኩት። ትምህርት እንደተዘጋ ልጆቹን ይዤ እወርዳለሁ።