«ለአድናቂዎች የተሠራ ነው» የሚሉት ሰበብ

ሰሞኑን ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት አንድ የሱፐርሂሮ ፊልም በሃያሲያን ክፉኛ ተተቸ። ከፊልሙ ወገን የተሰጠው መልስ እንደተለመደው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ፊልሙ የተሠራው ለአድናቂዎች እንጂ ለሃያሲያን አይደለም። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ያበቃ መሰለ።

እኔ ግን አላበቃም እላለሁ። ይህ ዐይን ያወጣ ሰበብ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ሃያሲውን የሚመታ ይመስላል፤ የሚመታው ግን አድናቂውን ነው። አድናቂ ማለት እኮ አንድን ነገር ከማንም በላይ ቀርቦ የሚያይ ሰው ነው። የጀግናው ጭምብል ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደተለወጠ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ በየትኛው ፊልም የማለውን መሐላ በየትኛው እንዳፈረሰ፣ የትኛው ሞት ኋላ ላይ እንደተሻረ ከሠሪዎቹ በተሻለ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ከለላ አድርጎ «ለእሱ የተሠራ ነውና አትመርምሩት» ማለት፣ እሱ የቀረበለትን ሁሉ ሳያላምጥ የሚውጥ ነው ማለት ነው። ስድቡ ከአድናቆት ጋር ተጠቅልሎ ስለመጣ ብቻ ስድብነቱ አይቀርም።

ከዚህ ሰበብ ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚመጣ ምክር አለ፤ «አእምሮህን ውጭ ትተህ ግባ» የሚል። በፊልም ጉዳይ ከሚነገሩት ሁሉ እንደዚህ ያለ ከንቱ ምክር አላውቅም። አስፈሪ ፊልም ሲታይ የሚፈራው ምን ሆነና? የሚፈራው አእምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ስቲቨን ስፒልበርግ ስለ ሰው በላ ሻርክ የሚያወራውን «ጆውስ»ን ሲቀርፅ፣ የተሠራለት ሜካኒካል ሻርክ ባሕሩ ውስጥ በገባ ቁጥር ይበላሽበት ነበር። ስለዚህ አሳውን መደበቅ ግድ ሆነበት። የምናየው ውኃውን፣ የሚንሳፈፈውን ቢጫ በርሜል፣ የዋናተኞቹን እግር ነው፤ አሳውን የሚጨምረው የተመልካቹ አእምሮ ነው። አእምሮውን ውጭ ትቶ የገባ ሰው በዚያ ፊልም ውስጥ ከውኃ በቀር ምንም አያይም። አስፈሪ ፊልም ሙሉ ሥራው ከአእምሮ ጋር ነው፤ ተመልካቹን አታስብ ብሎ የሚያስገባ ሰው ፊልሙን ገና ከደጃፉ ገድሎታል።

ፊልሙን ከመናቅ የሚመጣ ጉዳት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በ1931 በጀምስ ዌል ዳይሬክተርነት በተሠራው «ፍራንከንስታይን» ውስጥ የሐይቁ ትዕይንት አለ። ከሬሳ ተገጣጥሞ የተሠራው ፍጡር ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ተቀምጧል። ልጅቱ አትፈራውም፤ አበባ ትሰጠዋለች። ሁለቱም አበቦቹን ውኃው ላይ እየጣሉ እንደ ጀልባ ሲንሳፈፉ ያያሉ። አበባው ሲያልቅበት ፍጡሩ ልጅቱን አንሥቶ ይጥላታል፤ እሷም እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎታል። ስትሰጥም ሲያይ ደንግጦ ይሸሻል። ቦሪስ ካርሎፍ በዚያ ሁሉ ሜካፕ ውስጥ ሆኖ ያንን ድንጋጤ ማሳየት መቻሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሳንሱሮች ግን ትዕይንቱን ቆረጡት። የቆረጡትም ፍጡሩ እጁን ወደ ልጅቱ ሲዘረጋ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው አባትዬው የልጁን ሬሳ ታቅፎ መንደሩን ሲያቋርጥ ብቻ ሆነ። በመካከል ምን ተፈጸመ? ተመልካቹ ከተሠራው እጅግ የከፋውን አሰበ። አለማወቁ አሳስቶት የገደለው ምስኪን በመቀስ አንድ ንክሻ አውሬ ሆኖ ቀረ፤ የጎደለው ቁራጭ ወደ ቦታው የተመለሰው ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። ቆራጮቹ ፊልሙን እንደ ሥራ ቢያነቡት ኖሮ መቀሳቸውን እዚያ ላይ አያሳርፉም ነበር። የጭራቅ ፊልም ነውና አላነበቡትም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከባሕር የሚወጣው የጃፓኑ ጭራቅ፣ የጎድዚላ ታሪክ ነው። ስለ እሱ ሳነሣ ማጠር አይሆንልኝም።

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954፣ አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች የሃይድሮጅን ቦምብ ሞከረች። ፍንዳታው ተመራማሪዎቹ ከገመቱት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ አረፈው። ከቦታው ርቃ የምትሠራ አንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ነጭ አመድ ዘነበ። 23ቱም ሠራተኞች በጨረር ታመሙ፤ የጀልባዋ የሬዲዮ ሠራተኛ መስከረም ላይ ሞተ። እዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር 3፣ «ጎጂራ» (የጎድዚላ የጃፓን ስሙ ነው) ጃፓን ውስጥ ለእይታ በቃ። ፊልሙ የሚጀምረው በምን መሰላችሁ? ባሕር ላይ ባለች ጀልባ፣ በድንገተኛ ብልጭታና በሚነዱ መርከበኞች። ያንን ያየ የጃፓን ተመልካች ማብራሪያ አላስፈለገውም። የጀልባዋ ዜና ገና ከጆሮው አልወጣም።

ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ከጦርነቱ ሲመለስ በሂሮሺማ አልፎ ፍርስራሹን በዐይኑ ያየ ወታደር ነበር። በፊልሙ ውስጥ ባቡር ላይ የምትጓዝ ሴት ከናጋሳኪ ቦምብ ተርፌ እንዴት ደግሞ ይኼ መጣብኝ ስትል እንሰማለን፤ የተናገረችው እንደ ዕለት ወሬ ነው፤ የሚያስደነግጠውም ይህ ነው። ሐኪም ቤቱ በቁስለኛ ተሞልቶ አንድ ሐኪም የጨረር መለኪያ ወደ ሕፃን ያስጠጋል፤ መሣሪያው ይንጣጣል። ጭራቁን የሚገድለውን መሣሪያ የፈለሰፈው ሳይንቲስት ሴሪዛዋ፣ ግኝቱ በፖለቲከኞች እጅ ወድቆ ከቦምቡ የከፋ እንዳይሆን ወረቀቱን ሁሉ ያቃጥላል፤ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ደግሞ ለማጥፋት ከባሕሩ በታች ከጭራቁ ጋር አብሮ ይሞታል። ፊልሙ የሚያበቃውም በድል አይደለም። ሽማግሌው ፕሮፌሰር ያማኔ የቦምብ ሙከራው ከቀጠለ ሌላ ጎጂራ እንደሚመጣ ተናግሮ ያበቃል።

የአሜሪካ አከፋፋዮች ይህን ፊልም ገዝተው በ1956 አወጡት። 96 ደቂቃ የነበረውን ወደ 80 አወረዱት፤ በዚያ ላይ ሬይመንድ በር የተባለውን ተዋናይ ጋዜጠኛ አድርገው አዲስ የቀረፁትን ጨመሩበት። ስለዚህ ከሆንዳ ሥራ የተወረወረው ልዩነቱ ከሚያሳየው በጣም ይበልጣል። ስለ ቦምቡ የተነገረው ሳሳ። የያማኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ በምትኩ ጋዜጠኛው አደጋው እንዳለፈና ዓለም ወደ ኑሮዋ መመለስ እንደምትችል ይነግረናል። ልብ በሉ! ፊልሙ «ገና አላለፈም» ብሎ ነበር፤ «አልፏል» አስባሉት። የመጀመሪያው ቅጂ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው ለመታየት እስከ 2004 ጠበቀ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የዓለም ተመልካች ጎድዚላን የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው የካርቶን ሕንፃ የሚረግጥበት ቀልድ አድርጎ ሲስቅ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጊዜም ሰበቡ ያው ነበር፤ ሕዝቡ ጭራቅ ሊያይ ነው የመጣው፣ ሌላው ምን ያደርግለታል? «ለአድናቂዎች ነው» የሚለው ቃል ዛሬ ሲነገር የዚያ መቀስ ድምፅ ይሰማኛል።

እዚህ ላይ ወደ ሱፐርሂሮዎቹ ልምጣ፤ ካባ መልበሳቸው ጉዳዬ አይደለም። ሰው መብረሩም አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ምንም ነገር ዋጋ የማያስከፍል መሆኑ ነው። በ2018 የሱፐርሂሮ ፊልም ሠሪው ማርቭል ባወጣው ፊልም ማብቂያ ላይ ከፍጥረት ሁሉ ግማሹ አመድ ሆኖ ሲበተን ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰው አለቀሰ። ስፓይደርማንም በታላቁ ጀግና በቶኒ ስታርክ እቅፍ ውስጥ መሞት አልፈልግም እያለ በነነ። ነገር ግን የሚቀጥለው የስፓይደርማን ፊልም የሚወጣበት ቀን ከዚያ ቀደም ብሎ ታውቆ ነበር። ያ ልጅ እንደማይሞት ከተመልካቹ በፊት የሒሳብ ክፍሉ ያውቅ ነበር። ይህ ሐዘን አይባልም፤ በውሰት የመጣ እንባ ነው። «ቢያንስ የቶኒ ስታርክ ሞት ጸንቷል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ በ2019 ሞተ፤ በ2024 ደግሞ ያው ተዋናይ በሌላ ገጸ ባሕርይ ስም እንደሚመለስ በታላቅ ጭብጨባ ተነገረን። መልኩን ቀብረው መልኩን መልሰው ሸጡልን።

ከተሞቹንም ተመልከቱ። በፊልሞቹ ማብቂያ ክፍል ሕንፃ በሕንፃ ላይ ይወድቃል፣ ሰማዩ ይቀደዳል፣ ከዚያም አቧራው ሳይረጋ ጀግኖቹ ይቀላለዳሉ። ሐኪም ቤት የለም። አስከሬን የለም። ያንን ፍርስራሽ ሌሊቱን በኮምፒውተር ሲደረድሩ የሚያድሩት ሰዎች እንኳ የቀነ ገደቡን ጫና አልቻሉትም፤ የማርቭል የቪዥዋል ኢፌክት ሠራተኞች በሴፕቴምበር 2023 በማኅበር ለመደራጀት በአንድ ድምፅ የወሰኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን የምለው ዘውጉን ጠልቼ አይደለም። «ብላክ ፓንተር» ውስጥ ያለው ተቀናቃኝ፣ ኪልሞንገር፣ ከጀግናው የበለጠ ትክክል ሆኖ የሚሰማባቸው ደቂቃዎች አሉ፤ ጀግናውም በመጨረሻ አቋሙን የሚለውጠው እሱን ሰምቶ ነው። ይህን የመሰለ ክርክር በተሸከመ ፊልም ላይ የመጨረሻው ጠብ በሁለት የኮምፒውተር አሻንጉሊቶች መካከል ሲሆን እንዴት አልናደድ? የተናደድኩት ስለወደድኩት ነው። ለምርጥ ፊልም ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የሱፐርሂሮ ፊልም ነውና ትችቱን መሸከም ይችላል።

ታዋቂው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ በ2019 እነዚህን ፊልሞች ከመዝናኛ ፓርክ ጋር አመሳስሎ ሲኒማ አይደሉም ሲል ስንት ውርጅብኝ ወረደበት! እኔም አልስማማም፤ ሲኒማ ናቸው፣ ስለዚህም ነው እንደ ሲኒማ የሚጠየቁት። እሱ ግን ቢያንስ ምክንያቱን ጽፎ አስረዳ፤ አደጋ የሚባል ነገር በውስጣቸው የለም አለ። የተመለሰለት መልስ ምን ነበር? ገቢ። ያኔ የማርቭል «ኤንድጌም» 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቶ ነበር። ገንዘብ ለምንም ጥያቄ መልስ ሆኖ አያውቅም። የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» በ1982 ሲወጣ ገበያም አልቀናው፣ ሃያሲያንም አብጠለጠሉት። አዎ፣ ሃያሲያኑ ተሳስተው ነበር፤ ይህን አምናለሁ። ስሕተቱን ያረሙት ግን አእምሯቸውን ውጭ የተዉ ሰዎች አይደሉም። ፊልሙን ደጋግመው ያዩ፣ በዚያ በረዶ ውስጥ ማን ሰው ማን ጭራቅ እንደሆነ በክፈፍ በክፈፉ የተከራከሩ ናቸው። እነሱ አድናቂዎች ነበሩ፤ ሃያሲዎችም ነበሩ። ሁለቱን የሚለያይ ግድግዳ ያቆመው ስቱዲዮ ነው።

የማይቻል ነገር ጠየቅህ የሚለኝ ካለ በ2023 የወጣውን «ጎድዚላ ማይነስ ዋን»ን ይመልከት። ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደፈጀ ተናግሯል፤ ኢፌክቱን የሠሩት 35 ሰዎች ናቸው፤ በማርች 2024ም የቪዥዋል ኢፌክት ኦስካሩን ከእነዚያ ባለ ብዙ መቶ ሚሊዮኖች ነጥቆ ወሰደ። የፊልሙ ዋና ሰው በጦርነቱ መሞት ሲጠበቅበት ሸሽቶ የተረፈ አብራሪ ነው። ጭራቁ በመጣ ቁጥር የሚመጣበት ያ ውርደቱ ነው። እግሩ ሥር የሚወድቀው ሕንፃ ውስጥ ሰው አለ፤ የሚወደው ሰው አለ። እዚያ ፊልም ላይ ማንም ወጥቶ አትመርምሩን አላለም፤ መመርመሩን አይፈራምና።

በ1954ቱ ፊልም ውስጥ ቶኪዮ ስትነድ፣ አንዲት እናት ሕንፃ ሥር ተጠግታ ልጆቿን አቅፋለች። መሸሻ የላትም። አባታችሁ ወዳለበት ልንሄድ ነው፣ አሁን ቅርብ ነው፣ ትላቸዋለች። አባትዬው ማን እንደነበር፣ የት እንደሞተ ማንም አይነግረንም፤ ጦርነቱ ካበቃ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነውና የሚያየው ሁሉ ያውቃል። ትዕይንቱ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። እናቲቱ ስም የላትም፣ ዳግመኛም አትታይም፤ ቢቆረጥ ታሪኩ አይፋለስም፣ ጭራቁም አይቀንስም። ሆንዳ ግን አልቆረጠውም።