ከሰው ዓይን ያውጣችሁ

ሰሞኑን ሊንክድኢን ላይ ትንሽ የቆየ ሰው ቆሻሻ የሚባል ነገር ካገራችን መጥፋቱን ይረዳል። ኩባንያዎቻችን ጨርሰውታል። እጃቸው ይባረክ።

«በሰርኩላር ኢኮኖሚ ጉዟችን ሌላ ምዕራፍ መክፈታችንን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል» ይላል ጽሑፉ። ሰርኩላር ኢኮኖሚ ማለት ዕቃው ተጥሎ እንዳይቀር መልሶ መላልሶ ጥቅም ላይ ማዋል ነው። ከሥሩ ፎቶ አለ። ሥራ አስኪያጁ ጓንት አጥልቀው ባዶ ሃይላንድ ይዘዋል። አንድ። ጓንቱ ገና ከላስቲኩ መውጣቱ ነው፣ እጥፋቱ ይታያል። ከኋላቸው ሠራተኛው ሁሉ ለዕለቱ የታተመ ቲሸርት ለብሶ፣ ለዕለቱ የታተመ የፕላስቲክ ባነር ወጥሮ ቆሟል። ባነሩ ቀን ስለተጻፈበት ነገ ለምንም አይሆንም። ምን ችግር አለው? ለሚቀጥለው ዘመቻም እኮ የሚለቀም ነገር ያስፈልጋል።

ወርክሾፑንማ ተዉት። ሆቴል ውስጥ፣ በየተሳታፊው ፊት ግማሽ የተጠጣ የፕላስቲክ ውሃ ተደርድሮ፣ ከሻይ ዕረፍት ሲመለሱ የትኛው የማን እንደሆነ ስለሚጠፋቸው ሌላ እየከፈቱ፣ ስለ ብክነት ይወያያሉ። ስላይዱ «መቀነስ፣ ደግሞ መጠቀም፣ መልሶ ማምረት» ይላል። የመጀመሪያዋ ቃል ላይ ግን ቶሎ ያልፋል። አይፈረድባቸውም፤ ትንሽ ሽጡ የሚል ምክር ለማን ይጥማል?

ምቀኛ ደግሞ አይጠፋም። ሰርኩላሪቲ ጋፕ የሚባለው ሪፖርት በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ኢኮኖሚ 9.1 በመቶ ብቻ ሰርኩላር ነው ብሎ ነበር። በ2023 ወደ 7.2 ወርዷል አለ። ያ ሁሉ ፖስት ተለጥፎ! ቁጥሩ ሊንክድኢን የለውም መሰለኝ።

ሌላው ደግሞ ቆራሌውን ያነሳባችኋል። ማዳበሪያውን ተሸክሞ በየሰፈሩ እየጮኸ ጠርሙሱን፣ ጣሳውን፣ የተሰበረውን ወንበር ይገዛል፤ ዕቃው ዞሮ ዞሮ ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪናው ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። ኧረ በናታችሁ፣ ይሄ ምኑ ሰርኩላር ነው? ስትራቴጂ የለው፣ ፎቶ አንሺ የለው። ጭራሽ ለቆሻሻው ከኪሱ ይከፍላል! እናንተ ጋ ሁሉም በወግ በወጉ ነው። ዕቃው ዓመቱን ሙሉ ይመረታል፣ የሚለቀመው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ያውም ፀሐይ ሳይበረታ።

መልሶ በመጠቀምም አትታሙም። ግንቦት 28 የዓለም የአካባቢ ቀን ሲደርስ የአምናው ፎቶ፣ ቀኑ ያለበት ጥግ ተቆርጦ፣ ከነጽሑፉ ይመለሳል። «ሌላ ምዕራፍ» ይላል አሁንም። በመሃል ከሥራ የተሰናበተው ልጅ ሳይቀር ፊት ለፊት ቆሞ ይስቃል። ከሥሩ ቀድሞ «ኮንግራ!» ብሎ የጻፈውም እሱው ነው። ሥራ እየፈለገ ነዋ።