ይድረስ ለክቡር ደለል፣ ባሉበት ግድብ

ጉዳዩ፦ ያለ ካርታ ስለያዙት ሰፊ ቦታ እንኳን ደስ አለዎት ለማለት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከውሃ ጥም በስተቀር ደህና ነን። ዘንድሮም ክረምቱ ሲጠነክር ከነቤተሰብዎ ከየተረተሩ ተንደርድረው የአዲስ አበባን የመጠጥ ውሃ ወደሚይዙት ወደ ለገዳዲና ወደ ገፈርሳ ግድቦች በሰላም መግባትዎን ሰምተናል። መንገድ አልተዘጋብዎትም፣ መታወቂያም የጠየቀዎት የለም። ይመችዎ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ቅናት ነው፣ አልደብቅዎትም። በአዲስ አበባ አንድ ምስኪን ጓሮው ላይ ሁለት ቆርቆሮ ቀጥሎ ማድቤት ቢያወጣ በማግስቱ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ይቀባበታል። እርስዎ ግን ያለ ሊዝ፣ ያለ ምሪት፣ ያለ አንዲት የግብር ደረሰኝ፣ አምስት ሚሊዮን ሕዝብ ዓይኑን የጣለበትን ቦታ ይዘው በየዓመቱ ያስፋፋሉ። ግብረ ኃይል አልመጣብዎትም። ዶዘር አልቆመብዎትም። እንዴት ነው የሚያደርጉት? ዘዴውን ቢያካፍሉን ብዙ ቤተሰብ ከጭንቀት በዳነ።

መቼም ምንም አልተሰጠዎትም አይባልም። ግድብ ሲነደፍ ከሥሩ የተወሰነ ቦታ ለእርስዎ ተብሎ ይለቀቃል፤ መሐንዲሶቹ «ሙት ክምችት» ይሉታል። እዚያ ተኝተው ቢቀሩ ማንም ባልነካዎት። ነገር ግን ወንዝ ወደ ሐይቁ ሲገባ ጉልበቱን ያጣና ከባድ ከባዱን እዚያው መግቢያው ላይ ይጥላል። ስለዚህ ገና እግርዎ እንደገባ የሚይዙት ጓዳውን ሳይሆን ሳሎኑን ነው፤ እኛ የምንጠጣው የተጠራቀመበትን። ደቃቅ ወገኖችዎ ደግሞ እስከ ግድቡ ግርጌ ይዘልቁና የታችኛው ማስወጫ በር ላይ ይደገፋሉ። በር ላይ የሚደገፍ ሰው ዓላማው ምን እንደ ሆነ እኛም ሰፈር እናውቃለን።

ገፈርሳን ይመልከቱ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ፣ ከ80 ዓመት በላይ ያገለገለ አንጋፋ ነው፤ ጡረታ የሚባል ነገር አልደረሰውም። በ1940ዎቹ ቁመት ተጨመረለት። በ1958 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እርስዎን ብቻ ታሳቢ ያደረገ ሌላ ትንሽ ግድብ ከበላዩ ተሠራ፤ ሥራው እርስዎን ቀድሞ መያዝ ነው። ይህ ትልቅ ክብር ነው። የያኔ ሰዎች በስምዎ ግድብ እስከ መሥራት ድረስ ይፈሩዎት ነበር። የዛሬ ሰዎች የሚያስታውሱዎት ውሃ ሲጠፋ ለሚሰጥ መግለጫ ነው፤ ያውም ከመብራት መቆራረጥ ቀጥሎ፣ በሁለተኛ ደረጃ።

ያኔ ከግድቡ በታች ሜዳ ነበር። ዛሬ ፎቅና ትምህርት ቤት አለበት። እና አንዳንዴ ሌሊት የማስበው ነገር አለ፦ ጭቃ ከውሃ ይከብዳል፤ ግድቡ የተሠራው ውሃን እንዲገፋ ነው፤ እርስዎ በተከመሩ ቁጥር አሮጌው ግንብ የሚሸከመው ይጨምራል። በዚያ ላይ ቦታውን ስለያዙት ጎርፍ በመጣ ጊዜ ማረፊያ ያጣና በቶሎ ወደ ማስተንፈሻው ይሄዳል። ግድብ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከግርጌው የሚሰርገውን ውሃ ያያል። ጥርት ብሎ በልኩ ከወጣ መለካት ነው። ደፍርሶ ከወጣ ግን፣ በተለይ የአፈር ግድብ ከሆነ፣ ከውስጥ እየተበላ ሊሆን ስለሚችል ጫማ እስኪታሰር አይጠበቅም። ይህን ሁሉ የሚያነብብ፣ የሚለካና የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ምርቃት ላይ ሪባን የሚቆርጥ እንጂ በየወሩ መዝገብ የሚሞላ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ታይቶ አያውቅም፤ አለ ብዬ አምናለሁ፣ ካለም እግዜር ይስጠው።

ለገዳዲ ላይ ግን ጠባይዎ ሌላ ነው። በ1962 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር ከ40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። እዚያ ያሉት ወገኖችዎ እጅግ የደቀቁ የሸክላ አፈር ልጆች ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስላላቸው እርስ በርስ እየተገፋፉ ይንሳፈፋሉ እንጂ አይዘቅጡም። ለማስታረቅ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመራል፤ ያኔ ተቃቅፈው ወደ ታች ይወርዳሉ። አገሪቱ ይህን ኬሚካል የሚያመርት ፋብሪካ አዋሽ መልካሳ ላይ አላት። ሐምሌ ሲደርስ ውሃው ይደፈርሳል፣ ኬሚካሉ ይጨምራል፣ ማጣሪያው ቶሎ ቶሎ ይታጠባል። ሰማዩ እየዘነበብን ቧንቧ የሚደርቅበት አንዱ ምክንያት እርስዎ ነዎት።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቧንቧችን ይነቃል። መጀመሪያ ያስነጥሳል። ቀጥሎ አየር ብቻ ይነፋል፣ ቆጣሪውም በአየሩ ይሽከረከራል፤ ለእሱም እንከፍላለን። ከዚያ ሻይ የመሰለ ነገር ይወርዳል። የዘይት ጀሪካን ውስጥ ቀድተን ብናሳድረው ጠዋት ከሥሩ ጣት የሚያህል ቡናማ ነገር ተጋድሟል፤ ሲነኩት ዱቄት፣ ሲያሹት ቅባት የመሰለ። ጎረቤቴ «የቱቦው ዝገት ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ቱቦዎቹም ጎረምሶች አይደሉም። እኔ ግን ከእርስዎ ጋር ያለኝን ግንኙነት ማቋረጥ ስላልፈለግሁ ሰላምታዎ ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ነጭ ነጠላም ላይ ያምርብዎታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የመደበቅ ችሎታዎ ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ «ግድቦቻችን በቂ ውሃ ይዘዋል» የሚል ዜና ይነገረናል። ካሜራው በሐይቁ ላይ ይንሸራሸራል፣ ዳክዬዎቹ ይታያሉ። የውሃው መለኪያ የሚነበበው ከላይ ነው፤ ወለሉ ስንት ሜትር ወደ ላይ እንደ ተነሣ እሱ አያውቅም። ያንን ለማወቅ ጀልባ ላይ ወጥቶ በድምፅ ሞገድ ጥልቀቱን ከዳር እስከ ዳር መለካትና ከድሮው ካርታ ጋር ማስተያየት ይጠይቃል። እኛ ግን «ሞልቷል» ሲባል እናጨበጭባለን። በምን እንደ ሞላ የጠየቀ ጋዜጠኛ ቢኖር እርስዎ የት በገቡ ነበር!

ዘመዶችዎንም እናውቃቸዋለን። ቆቃ ላይ ያሉት በ1952 ዓ.ም. ከተሠራ ግድብ ላይ ትልቅ ርስት ይዘዋል። ጎንደር፣ አንገረብ ላይ ያሉት ደግሞ የአንድ ከተማ ሕዝብ ወረፋ ላይ እንዲያድር የበኩላቸውን አድርገዋል። ዘር ይውጣላችሁ አልልም፤ ወጥቶላችኋል።

ለነገሩ እርስዎን ብቻ መውቀስ አግባብ አይደለም። ሰንዳፋና በረህ በኩል ጤፍ የሚዘራበት መሬት አራት አምስት ጊዜ ታርሶ ይልምና በሐምሌ ዶፍ ፊት ራቁቱን ይቀመጣል። ገበሬው ምን ያድርግ፣ ጤፍ ሻካራ መሬት አይወድም። ካባ የሚቆፍረው፣ መንገድ የሚያወጣው፣ ቤት የሚሠራው ግን ትርፍ አፈሩን ተዳፋት ላይ ገልብጦ ይሄዳል፤ ማጓጓዣውን ለእርስዎ ትቶ። እኛም ዝም አላልንም። ቲሸርት አሳትመን፣ ድንኳን ተክለን፣ ችግኝ ይዘን ፎቶ ተነሥተናል። እርከን መሥራት የተሻለ እንደሚያቆምዎት ተነግሮናል፤ ግን እርከን ለፎቶ አይመችም፣ ደግሞም በየዓመቱ ጥገና ይፈልጋል፤ ጥገና ደግሞ ሪባን የለውም። ቆፍሮ ማውጣትም ይቻላል ይላሉ፤ ያን ሁሉ ጭቃ የት እንደሚደፉት እስኪስማሙ ድረስ እርስዎ ሌላ ሁለት ክረምት ይገባሉ።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ልመና ብቻ አለችኝ። ምናልባት አንድ ቀን ጀልባና መለኪያ ይዘው ከመጡ፣ እባክዎ አይደበቁ። ቁመትዎን በትክክል ያስለኩ። ቁጥሩም ለእኛ ለከፋዮቹ ይነገረን፤ የውሃ ቢላችን ጀርባ ላይ ብዙ ባዶ ቦታ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሌሊት ባልዲ ይዞ የሚጠብቅ ደንበኛ

ግልባጭ፦
ለአንጋፋው ገፈርሳ፣ ቻል አድርጎ እንዲቆይ
ለሚመለከተው አካል፣ እንዲያውቀው
ለሮቶ ነጋዴዎች፣ የደስታዬ ተካፋይ እንዲሆኑ